በትንኝ የሚተላለፉ ቫይረሶች በቆዳ ላይ የሚያሳዩትን ምልክት እንዴት እንመልከት?

እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ ትኩሳት ድሬዳዋ ውስጥ በላቦራቶሪ እስኪረጋገጥ ድረስ፣ በቆላው የአገራችን ክፍል ትኩሳት ሲነሳ ሁሉም ሰው ቀድሞ የሚጠረጥረው ወባን ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ተለውጧል። በ2016 በሶማሌ ክልል ዶሎ አዶ ቺኩንጉንያ ታየ፤ በ2019 ይኸው ቫይረስ ድሬዳዋ ገብቶ በጥቂት ወራት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አልጋ ላይ ጣለ፤ በ2023 ደግሞ ደንጊ በአፋር ክልል በሎጊያና በሚሌ ተቀሰቀሰ። ወባ እንደ ደንብ በቆዳ ላይ ሽፍታ አያወጣም። ስለዚህ ትኩሳት ያለበት ሰው ገላው ላይ ሽፍታ ወይም ነጠብጣብ ሲታይ፣ አስታማሚው ቆም ብሎ በትክክል ሊመለከተው የሚገባ ነገር አለ ማለት ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ቤት ውስጥ በሽተኛ ለሚያስታምሙ ቤተሰቦችና ለጎረቤቶቻቸው ነው። ዋናው ሐሳቡም አንድ ነው፤ ሽፍታው ብቻውን የበሽታውን ስም አይነግረንም፣ ከትኩሳቱ ቀን ጋር አያይዘን ስናየው ግን በሽተኛው የትኛው ደረጃ ላይ እንደደረሰና መቼ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ እንዳለብን ይነግረናል። ብዙ ሰው ሽፍታውን በስልክ ፎቶ አንስቶ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ትኩሳቱ ከጀመረ ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ ካልተነገረ በቀር በፎቶ ብቻ መልስ መስጠት ለሐኪምም ቢሆን አስቸጋሪ ነው።

ቀኑን መቁጠር

ትኩሳቱ የጀመረበትን ዕለት አንደኛ ቀን ብላችሁ በወረቀት ላይ ጻፉ። ራስ ምታቱ ወይም ድካሙ የጀመረበት ሳይሆን ሰውነቱ የጋለበት ቀን ነው የሚቆጠረው። ከዚያ በየዕለቱ ጠዋትና ማታ የሙቀቱን መጠን፣ ሽፍታ ከታየ መጀመሪያ የታየበትን የሰውነት ክፍልና ቀን፣ የተወሰደውን መድኃኒት ስምና ሰዓት፣ እንዲሁም በሽተኛው ሽንት የሸናበትን ሰዓት መዝግቡ። ይህቺ ወረቀት ጤና ጣቢያ ስትደርሱ ከማንኛውም ገለጻ ትበልጣለች። መድኃኒቱን መመዝገብ በተለይ የሚያስፈልገው፣ ትኩሳቱ ሲጀምር ከፋርማሲ የተገዛ አንቲባዮቲክ ወይም የሰልፋ መድኃኒት ራሱ ሽፍታ ሊያወጣ ስለሚችልና ሁለቱን ለመለየት የሚረዳው የቀኑ ቅደም ተከተል ስለሆነ ነው።

ቆዳን ማየትና መንካት

በብዙ የሕክምና መጻሕፍት ላይ የሚታዩት ሥዕሎች የተነሱት ከነጣ ቆዳ ላይ ነው፤ በዚያ ላይ ሽፍታው ደማቅ ቀይ ሆኖ ይታያል። በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ተደብቆ የሚታየው ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ጥቁር ቡኒ የሚያደላ ጥላ፣ አንዳንዴም የቆዳው መሻከር ብቻ ነው። «አልቀላም፣ ስለዚህ ሽፍታ የለበትም» ብሎ መደምደም የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው።

በሽተኛውን በቀን ብርሃን፣ በመስኮት ወይም በበር አጠገብ አስቀምጡት። የአምፖል ብርሃን፣ በተለይ ቢጫው፣ ቀለም ይለውጣል። ልብሱን አውልቆ ደረቱን፣ ሆዱን፣ ጀርባውን፣ ብብቱን፣ የክርኑን እጥፋት፣ ጭኑንና ባቱን በተራ ተመልከቱ። ከዚያ በጣታችሁ ጫፍ ቆዳውን በቀስታ ዳብሱት፤ ዓይን ያላየውን ጥቃቅን ጉድፍ ጣት ያገኘዋል። የቆዳ ቀለም የማይደብቃቸው ቦታዎች ደግሞ አሉና እነርሱን አትለፉ፤ እነዚህም መዳፍ፣ ውስጥ እግር፣ የታችኛው ከንፈር ውስጠኛ ክፍል፣ ላንቃ፣ ድድና የዓይን ነጩ ክፍል ናቸው። የታችኛውን ከንፈር ወደ ታች ገልበጥ አድርጋችሁ ስታዩት እንደ መርፌ ጫፍ የደቀቁ ደማቅ ቀይ ነጥቦች ካሉ፣ ክንዱ ላይ ምንም ባይታይ እንኳ ነገሩን በቁም ነገር መያዝ ያስፈልጋል።

ነጥቦች ስታገኙ አንድ ቀላል ፍተሻ አድርጉ። ንጹሕና ሥዕል የሌለበት የሻይ ብርጭቆ ወስዳችሁ ጎኑን ነጥቦቹ ላይ ጫን አድርጉና በብርጭቆው ውስጥ ተመልከቱ። ሲጫን የሚጠፋ ነጥብ የደም ሥሮች በመስፋታቸው የመጣ ሽፍታ ነው። ሲጫንም የማይጠፋው ነጥብ ግን ደም ከሥሩ ወጥቶ ቆዳ ሥር መፍሰሱን ያሳያል፤ ይህ ከሆነ ቀኑ ስንተኛም ይሁን በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ ይህን ፍተሻ ማድረግ የሚሻለው ቆዳው ሳሳና ነጣ በሚልበት ቦታ፣ ለምሳሌ በመዳፍ፣ በውስጥ እግርና በክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ ነው።

ደንጊ በሦስት ጊዜ ይታያል

ከትንኝ ወለድ ቫይረሶች ሁሉ የቆዳ ምልክቱን በጥንቃቄ መከታተል የሚያስፈልገው ደንጊ ነው፤ ምክንያቱም ምልክቱ አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ሳይሆን በተለያየ ቀን የተለያየ መልክ ይዞ የሚመጣ ስለሆነ ነው።

የመጀመሪያው በአንደኛውና በሁለተኛው ቀን የሚመጣው የፊት፣ የአንገትና የደረት መቅላት ነው። ጥቁር ቆዳ ላይ ይህ ብዙውን ጊዜ አይታይም፤ የሚስተዋለው ፊቱ አበጥ፣ ዓይኑ ቀላ ማለቱና ከባድ የግንባርና ከዓይን ኋላ የሚሰማ ሕመም ነው። ሁለተኛው ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን ባለው ጊዜ የሚወጣው ሽፍታ ነው፤ ኩፍኝ የሚመስል፣ ከግንድ አካል (ከደረት፣ ከሆድና ከጀርባ) ጀምሮ ወደ እጅና እግር የሚዘልቅ ነው። የታመሙት ሁሉ ሽፍታ አይወጣባቸውም፤ ስለዚህ ሽፍታ አለመኖሩ ደንጊ አለመሆኑን አያረጋግጥም።

ሦስተኛው ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላ የሚመጣው የማገገሚያ ሽፍታ ነው። ባትና ክንድ ላይ ቆዳው በሰፊው ይቀላል ወይም ይጠቁራል፤ በመካከሉ ግን ሽፍታው ያልነካቸው፣ ክብ ክብ የሆኑ፣ ነጣ ያሉ ቦታዎች እንደ ሐይቅ ደሴቶች ተበትነው ይቀራሉ። ከዚህ ጋር የመዳፍና የውስጥ እግር ኃይለኛ ማሳከክ ይመጣና እንቅልፍ ያሳጣል። ይህ ሽፍታ መልኩ አስፈሪ ቢሆንም በሽተኛው ከበላ፣ ከጠጣ፣ በደንብ ከሸናና ከተንቀሳቀሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ይጠፋል።

አደገኛው ስህተት የሚፈጠረው በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ነው። በእኛ አገር «ሽፍታው ከወጣለት፣ ትኩሳቱም ከለቀቀው ተረፈ» የሚል የቆየ እምነት አለ። በደንጊ ግን ክፉው ጊዜ የሚጀምረው ልክ ትኩሳቱ ሲበርድ፣ ማለትም ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል። በዚያ ጊዜ የደም ሥሮች ውኃውን ያፈሳሉ፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት የሚባለው የደም ሕዋስ ቁጥሩ ይወርዳል። ስለዚህ ትኩሳቱ በለቀቀ ዕለት ክትትሉን ማላላት ሳይሆን ማጥበቅ ይገባል። ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ነስር ወይም የድድ መድማት፣ ጥቁር ሰገራ፣ ቆዳ ላይ ያለ ምክንያት የሚወጣ ብልዝ፣ ከወትሮው የበዛ የወር አበባ ደም፣ መፍዘዝ ወይም መቅበጥበጥ፣ የእጅና እግር መቀዝቀዝ ወይም ለ6 ሰዓት ያህል ሽንት አለመሽናት ከእነዚህ አንዱ ቢታይ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ እስኪነጋ አትጠብቁ።

ጤና ተቋም ውስጥ ባለሙያው አንድ ሌላ ፍተሻ ሊያደርግ ይችላል። የደም ግፊት መለኪያውን ክንዱ ላይ አስሮ ግፊቱን በላይኛውና በታችኛው ልኬት መካከል ላይ በማቆም ለ5 ደቂቃ ያቆየዋል፤ ከፈታው በኋላ በክንዱ ላይ እያንዳንዱ ጎኑ 2.5 ሴንቲ ሜትር በሆነ አራት ማዕዘን ውስጥ 10 ወይም ከዚያ በላይ ቀይ ነጥብ ከወጣ የደም ሥሮቹ እንደተጎዱ ይጠረጥራል። ይህን ቤት ውስጥ በገመድ ወይም በሻሽ ለመሞከር አትነሱ፤ ግፊቱን መለካት ስለማይቻል ጉዳቱ ይበልጣል።

ቺኩንጉንያ

ድሬዳዋ ውስጥ ያለፈበት ሰው ሁሉ ስለ ቺኩንጉንያ ሲናገር የሚያነሳው መጋጠሚያውን ነው። ትኩሳቱ ድንገት ይነሳል፤ የእጅ አንጓ፣ ጣቶች፣ ቁርጭምጭሚትና ጉልበት በሁለቱም በኩል ያብጣሉ፣ ሰውየው ተጎንብሶ ይሄዳል። ሽፍታው ከትኩሳቱ በኋላ ከ2 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል፤ ግንድ አካልን፣ እጅና እግርን፣ አንዳንዴ ፊትን፣ መዳፍንና ውስጥ እግርን ይይዛል፣ ያሳክካል። የጆሮ ቅጠል ቀልቶ ማበጥና በአፍ ውስጥ ወይም በብብትና በጉያ አካባቢ የሚወጡ ትናንሽ ቁስሎችም ይታያሉ።

ከቺኩንጉንያ ጋር በተለይ የሚያያዘው ምልክት ግን የሚመጣው ትኩሳቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ የአፍንጫው ጫፍና ጉንጩ ይጠቁራል። ጥቁረቱ ለሳምንታት፣ በአንዳንዱም ለወራት ይቆያል። በአንድ ሰፈር ብዙ ሰው መጋጠሚያውን እያመመው አፍንጫው ከጠቆረ በአካባቢው ቺኩንጉንያ እንዳለፈ መገመት ይቻላል፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መንገርም ይገባል።

በጨቅላ ሕፃናት ላይ ነገሩ ይለያል። ቆዳቸው ውኃ ይቋጥርና እንደ ተቃጠለ ቆዳ ይላጣል። እናት በወሊድ ሰሞን ትኩሳት ከነበራት ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት በጣም ሊታመም ስለሚችል፣ ጡት መጥባት ያቆመ ወይም ቆዳው ውኃ የቋጠረ ጨቅላ ቤት ውስጥ የሚታከም አይደለም። የቋጠረውን ውኃ አታፍርጡ፤ ቅቤም ሆነ ቅባት አትቀቡት፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ውሰዱት።

ዚካ፣ የዌስት ናይል ቫይረስና ቢጫ ወባ

ዚካ እ.ኤ.አ. በ1947 በኡጋንዳ ዚካ ደን የተገኘ ቫይረስ ሲሆን፣ ትኩሳቱ ቀለል ያለ፣ ሽፍታው ግን የሚያሳክክና አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ ነው፤ ዓይን ይቀላል፣ መግል ግን አይኖረውም። ለራሱ ለታማሚው ከባድ አይደለም፤ የሚፈራው ለፅንሱ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ቫይረሱ ወዳለበት አገር ሄዳ ከተመለሰች በኋላ እንዲህ ያለ ሽፍታ ካየች ለእርግዝና ክትትል ባለሙያዋ በግልጽ ትንገር።

በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን በበጋና በመኸር መግቢያ ሰሞን የዌስት ናይል ቫይረስን ስም ይሰማሉ። የሚተላለፈው በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት በሚነክሱ ትንኞች ነው፤ በደረት፣ በጀርባና በክንድ ላይ የሚወጣው ሽፍታ የማያሳክክና ቶሎ የሚጠፋ ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ የሚያሳስበው የአንገት መገተር፣ ግራ መጋባትና የእጅና እግር መስነፍ ነው።

ቢጫ ወባ ደግሞ ከስሙ በቀር ከወባ ጋር ዝምድና የለውም። በ2013 ደቡብ ኦሞ፣ በ2018 ወላይታ፣ በ2020 ጉራጌ ዞን ውስጥ ተከስቷል። እዚህ ላይ ሽፍታ አትጠብቁ፤ የሚታየው ቢጫነት ነው። በሽተኛው ሦስት አራት ቀን ያህል ታሞ የተሻለው ይመስልና ከታመሙት ጥቂቶቹ ላይ ትኩሳቱ ይመለሳል፣ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ይሆናል፣ ድዱና አፍንጫው ይደማል፣ ትውከቱ ይጠቁራል። በጥቁር ቆዳ ላይ ቢጫነትን በክንድ ላይ መፈለግ ዋጋ የለውም፤ በቀን ብርሃን የዓይኑን ነጭ፣ መዳፉንና የምላሱን ሥር ተመልከቱ። ክትባቱን አንድ ጊዜ መውሰድ ዕድሜ ልክ ይከላከላል።

ከእነዚህ ጋር የሚምታቱ ሕመሞች

የልጅ ሽፍታ ሲሆን አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ኩፍኝ ነው። ኩፍኝ ትኩሳቱ፣ ሳሉ፣ ንፍጡና የዓይን መቅላቱ ከቀደመ በኋላ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ገደማ ከጆሮ ጀርባና ከፀጉር መስመር ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሳልና ንፍጥ በደንጊ ጊዜ እንዲህ ጎልተው አይታዩም። በቅማል የሚተላለፈው ተስቦም ነጠብጣብ ያወጣል፤ በግንድ አካል ጀምሮ ፊትን፣ መዳፍንና ውስጥ እግርን አብዛኛውን ጊዜ ይተዋል፤ በአንቲባዮቲክ ስለሚድን መለየቱ ሕይወት ያድናል። ከሁሉ የሚያስፈራው ማጅራት ገትር ነው፤ አንገት ተገትሮ፣ ብርሃን ማየት አስጠልቶ፣ በብርጭቆ ሲጫን የማይጠፋ ነጠብጣብ በሰዓታት ውስጥ ሲሰፋ ከታየ አንድ ደቂቃም የሚባክን ጊዜ የለም።

በትኩሳት ወቅት ከንፈር ዙሪያ የሚወጣውን ቁስል ሕዝባችን «ምች መታው» ይላል፤ ዳማከሴ ተቀጥቅጦ ይቀባል፣ በቡናም ይጠጣል። ዳማከሴውን ማንም አይከለክልም፤ ጉዳቱ የሚመጣው በዚያው ተማምኖ ደም የሚያፈሰውን ትኩሳት ቤት ውስጥ ሲጠብቁት ነው።

ቤት ውስጥ የሚደረገውና የማይደረገው

ለትኩሳትና ለሕመም ፓራሲታሞል ይሰጣል፤ ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊ ግራም ፍሬ አንድ ወይም ሁለት፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ሳይበልጥ። ለልጅ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ታስቦ ነው። ጉበቱ የታመመ ወይም ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰድ። አስፒሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ግን ደንጊ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ አይወሰዱም፤ የመድማቱን አደጋ ያብሳሉና። መጋጠሚያው የታመመ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው የዲክሎፌናክ መርፌን ስለሆነ ይህን ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ቺኩንጉንያ ነው ተብሎ የተወጋው ደንጊ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፣ ሁለቱንም የምታስተላልፈው አንዷ ትንኝ ናትና።

ኦአርኤስ፣ የአጥሚት ውኃ፣ ሾርባና ጭማቂ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ይጠጣ። ለማሳከኩ በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅ፣ አጭር ጥፍርና ሰፊ የጥጥ ልብስ ይረዳሉ፤ ማሳከኩ እንቅልፍ ከነሳው ጤና ባለሙያ የሚያዝዘው የአለርጂ መድኃኒት አለ። በሽተኛውን ገላውን ማጠብ ሽፍታውን ወደ ውስጥ አይመልሰውም፤ ለብ ባለ ውኃ ይታጠብ።

ጤና ጣቢያ ስትደርሱ የቀኑን ወረቀት ስጡ፣ የወባም የደንጊም ምርመራ እንዲደረግ ጠይቁ፤ አንዱ ተገኘ ማለት ሌላው የለም ማለት አይደለም። የቫይረሱን ፕሮቲን የሚፈልገው የደንጊ ፈጣን ምርመራ የተሻለ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት ሲሆን ከዚያ በኋላ የሚፈለገው ሰውነት የሠራው ፀረ እንግዳ አካል ነው። ከጅዳ ወይም ከጂቡቲ የተመለሰ ሰው ቀደም ሲል እዚያ ደንጊ ይዞት እንደነበር ካወቀ ሳይጠየቅ ይናገር፤ ቫይረሱ አራት ዓይነት ነው፣ በሌላኛው ዓይነት ዳግም የተያዘ ሰው በጽኑ የመታመም ዕድሉ ከፍ ይላል።

በሽተኛው በመጀመሪያው ሳምንት በቀንም ቢሆን አጎበር ውስጥ ይተኛ። ይህችን እግሯ ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር የሆነችውን ትንኝ ከወባዋ የሚለያት በቀን መንከሷ ነው፤ ከበሽተኛው ደም ወስዳ ለቤተሰቡ እንዳታስተላልፍ መከላከል የሚቻለው በዚህ ነው። ውኃ በሚቆራረጥበት ሰፈር በርሜሉና ሮቶው ይከደን፣ በየሳምንቱም ይደፋና ውስጡ በብሩሽ ይፈተግ። ውኃውን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ እንቁላሉ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ደርቆ ለወራት ይቆያል።

ካገገመ በኋላ ፊት ላይ የቀረውን ጥቁረት ለማስለቀቅ ማንጫ ክሬም መቀባት እየተለመደ መጥቷል። ከእነዚህ ክሬሞች ብዙዎቹ ሜርኩሪ ወይም ኃይለኛ ስቴሮይድ ስላለባቸው ቆዳውን ያሳሱታል፣ ከዚያም የባሰ ጥቁረት ያመጣሉ። ፀሐይ መከላከልና ሽታ የሌለው ማለስለሻ ቅባት ይበቃል። የመጋጠሚያው ሕመም ከ3 ወር ካለፈ፣ ወይም ሽፍታው ከጠፋ በኋላ ትኩሳቱ ከተመለሰ እንደገና ወደ ሐኪም ሂዱ።